ቃሉ ከየት ይውጣ

ዘመነ ይግዛው በሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜው ከልቡ የተሟገተበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቃል ከየት ይውጣ የሚል ነው። ሌላው ሰው በርስት ይሟገታል፣ በወሰን ይሟገታል፣ ሲብስበትም በዶሮ ይሟገታል። ዘመነ ግን በ2007 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር ፎቅ ባለች፣ ነፋስ በማይጠፋባት ክፍል ተቀምጦ፣ አሥር መስመር የማትሞላ ኮድ ቃል ትመልስ ወይስ ቁጥር ትመልስ እያለ፣ ጎንደር ካለው የኮሌጅ ጓደኛው ከምስክር ጋር ወራት ሙሉ በስልክ ተጨቃጨቀ። እንዲህ ያለውን ሙግት ሽማግሌ አያስታርቀውም፣ ዳኛም መዝገብ አይከፍትለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ሲገባ የዳባትና የደባርቅ ወጣት ሰሊጥ ሊያርም ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። ከሚመለሰው መካከል አንዳንዱ ከደመወዙ ጋር ካላዛር ይዞ ይመጣል፤ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል። በሽተኛው ጎንደር ይላካል፣ ቤተሰቡም ሞተ ዳነ ሳይሰማ ይከርማል። ይህን አይቶ አንድ የእርዳታ ድርጅት ደባርቅ ላይ ትንሽ ቢሮ ከፈተ። ሲስተር እስከዳርን ኃላፊ አደረገ፣ ዘመነን ለኮምፒውተሩ ቀጠረ፣ አያ ሀብተ ሚካኤልን ለበሩ ቀጠረ። ጎንደር ያለ ጸሐፊ በየጠዋቱ ከእያንዳንዱ በሽተኛ ስም ጎን አንድ ቁጥር ይሞላል። አንድ ማለት በሕክምና ላይ ነው፣ ሁለት ድኖ ወጥቷል፣ ሦስት ወደ ሌላ ሆስፒታል ተልኳል፣ አራት ሞቷል ማለት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘመነ የሠራው ፕሮግራም ለየቤተሰቡ ስልክ መልእክት ይሰዳል።

ቁጥሩን ወደ አማርኛ የምትለውጠው ያቺ አሥር መስመር የማትሞላ ኮድ ናት። ባለሙያዎቹ ረዳት ፈንክሽን ይሏታል። የፕሮግራሙ ሌላ ክፍል ሁሉ እየመጣ ይጠይቃታል፤ ይህ ሰው እንዴት ነው ሲሏት እሷ ትመልሳለች። ምስክር ያየው ዕለት ነው የተቃወመው።

«ረዳቷ ቁጥሯን ብቻ ታቀብል» አለው። «ቃሉን ሰው ፊት የሚቆመው ክፍል ይምረጥ። ለሐኪም የሚባለውና ለእናት የሚባለው አንድ አይደለም። ታች ያለችው ረዳት ደግሞ ማን እንደሚሰማት አታውቅም።»

«ሰው ፊት የሚቆመው ክፍል ቢረሳስ?» አለ ዘመነ። «አንዱ ቦታ አማርኛው ይዘለልና ፕሮግራሙ የተጻፈበት እንግሊዝኛ ይሾልካል። ከእኔ ፕሮግራም እንግሊዝኛ አይሾልክም። ቃሉ ከሥሩ ይውጣ።»

ይህን ሲል ድምፁ ይለወጥ ነበር፤ ምስክርም ለምን እንደሚለወጥ ስለሚያውቅ አይገፋበትም። ዘመነ ሰባተኛ ክፍል ሳለ አባቱ አቶ ይግዛው ሆስፒታል ተኝተው፣ ተሽሏቸው፣ አንዲት ወረቀት ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ወረቀቷ በእንግሊዝኛ ነበረች። አባትየው ለልጃቸው ሰጡትና አንብብልን አሉት። ጎረቤት ተሰብስቧል። ዘመነ ወረቀቷን አገላበጣት፣ የአባቱን ስም አገኘ፣ ከዚያ ወዲያ ላብ አጠመቀው። «ሰባተኛ ክፍል ነህ አይደል?» አሉ አባትየው፤ የተናገሩት ተቆጥተው አልነበረም። ወረቀቷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለስ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጥ ትል ኖሯል። ያን ያነበበው ከአርባቸው በኋላ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው።

አባትየው ሲሞቱ ታላቅ እህቱ ዘቢደር ዘግይታ ከጀመረችው ትምህርት፣ ከአራተኛ ክፍል ወጣች። ከሁለት አንዱ ይማር ተባለ፤ እሷ ጠላ ጠምቃ፣ እንጨት ተሸክማ አስተማረችው። የተማረው በእሷ ትከሻ ነው። ደመወዝ ሲይዝ መጀመሪያ የገዛላት ነገር ስልክ ነበር፤ ፊደሉ እንዳይጠፋባት በየቀኑ በአማርኛ ይጽፍላታል፣ እሷም በአራተኛ ክፍል ንባቧ ቀስ እያለች ፊደል እየቆጠረች ታነብለታለች። እንግዲህ ዘመነ ቃሉ ከሥሩ ይውጣ ብሎ ሲሟገት በዓይኑ የምትመጣው እሷ ነበረች።

ቢሮው በተከፈተ በጥር ወር ነው አያ ሀብተ ሚካኤል በነገሩ የገቡት። እሳቸው በር ጠባቂ ቢሆኑም ድሮ ዲያቆን ነበሩ፣ በሰፈሩም መርዶ ሲኖር የሚጠሩ ሰው ናቸው። በሽተኛው የሞተም ቢሆን መልእክቱ ለቤተሰብ ይሄዳል መባሉን ሲሰሙ ደረጃውን ወጥተው ገቡና ቆመው ተናገሩ።

«ልጄ፣ የሰውን ሞት መጀመሪያ የሰማ ሰው ድንጋይ ይዋጥ። ለሽማግሎች ይነግራል እንጂ ደጅ አይመታም። ሽማግሎቹም ሟች ለማን ምን ነው፣ የምትረዳዋ ልበ ደካማ ናት ወይ፣ ሆዷ ባዶ ነው ወይ ብለው ይጠይቁና ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ። አራስ ከሆነች ደግሞ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ መርዶ አትረዳም፤ ወተቷ ይደርቃል። ያየ ሌላ፣ የሚናገር ሌላ ነው። ይህ ሳጥናችሁ ግን አይቶ ወዲያው ይናገራል።»

ዘመነ አፈረ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ መብራት ሊጠፋ ዳር ዳር ሲል፣ መልእክቱን በሚሰደው ክፍል ውስጥ አንዲት መስመር ጨመረ። ረዳቷ «ሞቷል» ብላ ከመለሰች መልእክቱ ይያዝ፣ በምትኩ የአያ ሀብተ ሚካኤል ስልክ ይጩህ። ለምን አራት ቁጥርን አላየም ቢባል፣ ቁጥሩ እዚያ ድረስ አይደርስም ነበር፤ የሚደርሰው ረዳቷ የመለሰችው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉን አየ። መስመሯም ሠራች። በየካቲትና በመጋቢት የአያ ሀብተ ሚካኤል ስልክ አራት ጊዜ ጮኸ፣ እሳቸውም አራት ጊዜ ጋቢያቸውን ተከናንበው በማለዳ ወጡ። ዘመነ ያቺን መስመር እንደ ሌላው ሥራው ሁሉ ረሳት።

በመጋቢት የዘቢደር ባል ላቀው ጥጋቡ ታመመ። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ግንበኛ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ በዕዳ እንኳ የሚስቅ ሰው ነው። ሰሊጥ ሊያርም ወርዶ የመጣው ለልጁ መምጫ አንድ ክፍል እጨምራለሁ ብሎ ነበር። ትኩሳቱን ወባ ነው ብሎ ሦስት ወር ተሸከመው። ጎንደር ሲደርስ ሐኪሙ ጣፊያውን ዳስሶ፣ ደሙን አይቶ፣ ዘግይቷል አለ። ስሙ በዘመነ ፕሮግራም ውስጥ ገባ፣ ከስሙ ጎን የዘቢደር ስልክ ቁጥር ተጻፈ። ዘመነ ቁጥሯን ሊያወጣው ይችል ነበር። አላወጣውም፤ ምክንያቱም በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መልእክቱ ሲመጣ እህቱ ከፍታ ለአማቷ ለእማማ ደብሪቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላቸው ነበር። «ላቀው ጥጋቡ፦ በሕክምና ላይ ነው።» እማማ ደብሪቱ ፊደል አይለዩም፤ ላቀው አንድ ልጃቸው ነው። ያቺን አንዲት መስመር ሳይሰሙ ውኃ አይጠጡም።

ዘቢደር በጸሎተ ሐሙስ ወለደች፤ ሴት ልጅ። በፋሲካ ማግስት ዘመነ ጎንደር ወርዶ ላቀውን አየው። አልጋው ላይ ያገኘው የሚያውቀውን ሰው ግማሽ ነው። ከድዱ ደም ይመጣ ነበር። አጠገቡ አስታማሚ አጎቱ ተቀምጠዋል።

«ልጅቷ ማንን ትመስላለች?» አለ ላቀው።

«አንተን።»

«ምስኪን» አለና ሊስቅ ሞከረ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ለዘቢደር እየተሻለው ነው በላት። ውሸት ነው፣ ግን በላት» አለው።

ከዚያ በኋላ ተስፋ አለ የሚል ሰው አልነበረም። ሐኪሙም፣ አጎቱም፣ ዘመነም ያውቃሉ። የቀረው መቼ ነው የሚለው ብቻ ነው። ዘመነ ወደ ደባርቅ እንደተመለሰ አያ ሀብተ ሚካኤልን አማከረ። የሆነው ቢሆን ሬሳው በቀጥታ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ አባቱ አገር ይሄዳል። ዘቢደር ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ልጅቷ ክርስትና እስክትነሳ አትሰማም፤ እማማ ደብሪቱ ደግሞ እንደ ወጉ ሽማግሌ ይሄድላቸዋል፣ ግን ከአራሷ ቤት በዘዴ ወጥተው፣ ሌላ ቤት ሆነው ነው የሚረዱት። ሁሉም ነገር ተመከረ፣ ሁሉም ቃል ገባ። ዘመነ ላቀውን ማዳን ባይችል እህቱን ሰማንያ ቀን ሳትሰማ ማቆየት እችላለሁ ብሎ ልቡን አጽናና። ሊያደርግላት የሚችለው የቀረ ነገር ይህ ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከጃናሞራ አንድ ቄስ ስለ ወንድማቸው ሊጠይቁ ቢሮው መጡ። ወንድማቸው በየካቲት ያረፈ ነው፤ ቄሱ ያውቃሉ፣ የመጡት ለወረቀቱ ነው። ሲስተር እስከዳር ስሙን ስትፈልግ ቄሱ በትከሻዋ በኩል ስክሪኑን አዩት። ከወንድማቸው ስም ጎን «ሞቷል» ይላል። መስቀላቸውን ነካ አደረጉ፣ ወረቀታቸውን ተቀብለው ወጡ። በር ላይ የሸኟቸው አያ ሀብተ ሚካኤል ግን ተመልሰው መጡ።

«ሞቷል ለበሬም ይባላል» አሉ። «ክርስቲያን ያርፋል። ደግሞስ የማታውቁትን ሰው ሁሉ አንተ የምትሉት ከየት አምጥታችሁ ነው? ከስሙ በቀር የማታውቁት ሰው እኮ ነው።»

ሲስተር እስከዳርም «እውነታቸውን ነው ዘመነ፤ ሁሉንም በአንቱታ አድርገው» አለች።

ዘመነ ደስ አለው። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ቃሉ ሁሉ ያለው አንድ ቦታ፣ ረዳቷ ዘንድ ነው። «በሕክምና ላይ ነው» የነበረውን «ናቸው» አደረገው፣ «ወጥቷል» የነበረውን «ወጥተዋል»፣ «ሞቷል» የነበረውን «ዐርፈዋል»። «ዐ»ዋን ሳይቀር አስተካክሎ ጻፋት። ከዚያ ሊመካ ለምስክር ደወለ።

«አየህ አይደል? አንዲት ቦታ ነካሁ፣ አገሩ ሁሉ ጨዋ ሆነ። በአንተ መንገድ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤቱን ሁሉ ስበረብር እውላለሁ።»

ምስክር ግን ጠየቀው። «የድሮዎቹን ቃላት ሌላ ቦታ የሚጠብቅ ነገር አለ? እነሱን እያየ የሚወስን?»

«ማን ይጠብቃቸዋል፣ ሰው ነው እንጂ የሚያነባቸው» አለ ዘመነ። ኔትወርኩም ተቆራረጠ፣ እሱም ሻይ ሊጠጣ ወረደ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የዘመነ ግን የሚለቀም አልነበረም።

ቅዳሜ እህቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ዘቢደር ገና ከበር ሳቀችበት።

«ላቀውን አንቱ አላችሁት?» አለችው። «ጭቃ አቡኪውን?»

እማማ ደብሪቱ ግን አልሳቁም። «ይበሉት። በሕይወቱ አንቱ ያለው ሰው የለም። ልጄ ከሰው ተቆጥሯል ማለት ነው» አሉና ዘቢደርን ደግመሽ አንብቢልኝ አሏት። ደግማ አነበበችላቸው። ላቀው ጥጋቡ፦ በሕክምና ላይ ናቸው። እሑድም እንዲሁ፣ ሰኞም እንዲሁ። በእነዚያ ቀናት ከመዝገቡ ሰው አልሞተም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ሃያ፣ ዘመነ ቢሮ የገባው ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ኮቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ስሞቹ ተደርድረዋል፤ ዓይኑ እንደ ለመደው ወደ አንዱ ስም ሄደ። ላቀው ጥጋቡ፦ ዐርፈዋል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም፤ ይመጣል ብሎ ሲጠብቀው የከረመ ነገር ነው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። የላቀው አጎት ስልክ የላቸውም፣ ሰው ፈልገው እስኪያስደውሉ ገና ነው። ምን እንደሚያደርግ በአእምሮው ማሰናዳት ጀመረ፤ መኪና፣ ሳጥን፣ ለጃናሞራ ዘመድ የሚላክ ሰው። ዘቢደር አትሰማም። ሰማንያው ሊሞላ ስልሳ አንድ ቀን ይቀራል። በየጠዋቱም በሕክምና ላይ ናቸው የሚል መልእክት በእጁ እየጻፈ ይልክላታል፤ ላቀው ራሱ በላት ብሎታል። ደረጃውን ወርዶ አያ ሀብተ ሚካኤልን በሩ ላይ አገኛቸው። ፀሐይ እየሞቁ ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

«አያ ሀብተ ሚካኤል፣ ሰምተዋል እንግዲህ» አላቸው።

«ምኑን?»

«ስልክዎ አልጮኸም?»

ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አዩት፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው እንደገና አዩት። «አልጮኸም። ምነው ልጄ?»

ዘመነ ያን ጊዜ የጥሯ ቅዳሜ ትዝ አለችው። መብራቱ ሊጠፋ ሲል፣ አንዲት መስመር። «ሞቷል» ካለች ያዝ። ረዳቷ ግን ከዓርብ ወዲህ «ሞቷል» አትልም።

ባጃጅ አልጠበቀም፤ በገበያው ውስጥ ሽቅብ ሮጠ። የድንች ከረጢት ዘለለ፣ በቅሎ አስደነበረ፣ አንዲት ሴት ረገመችው። እንዲያ እየሮጠ ነው የወራቱ ሙግት የተፈታው። ረዳቷ ቁጥር ትመልስ። አራት ብላ ዝም ትበል። ቃሉን ሰው ፊት የሚቆመው፣ ማን እንደሚሰማ የሚያውቀው ይምረጥ። ምስክር ከትምህርቱ ያለው፣ አያ ሀብተ ሚካኤል ከአባቶቻቸው ያሉት ነገር አንድ ነበር፤ እሱ ሁለቱንም ሰምቶ አንዱንም አልሰማም። አባቱን በሞት የነጠቀው ያልተነበበ ወረቀት ስለነበር፣ ሁሉ ነገር ከተነበበ ሰው የሚድን መስሎት ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደረቱ ተወጋበት፣ ቆሞ ተነፈሰ፣ ደግሞ ሮጠ።

ከግቢው ሲደርስ ጩኸት አልሰማም። እማማ ደብሪቱ ከማጀቱ ደጃፍ የአጥሚት ድስት እያማሰሉ ነበር። ቀና ብለው «ዘሜ፣ በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣለህ?» አሉት፣ ፈገግ ብለው። አላወቁም። ልቡ አንዲት ቅንጣት ተስፋ አገኘ፤ ምናልባት ስልኩ ተዘግቷል፣ ምናልባት ባትሪው ሞቷል። «አለፍ ስል ነው» ብሎ ገባ።

ዘቢደር አልጋው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ልጅቷ ጡት ላይ ናት፤ ትስብና ትተወዋለች፣ ትነጫነጫለች፣ ደግሞ ትስባለች። ስልኩ ከጉልበቷ አጠገብ አንሶላው ላይ ነው። የእህቱን ፊት ሲያይ ተስፋው ጠፋ።

«በሩን ገርበብ አድርገው» አለችው በለሆሳስ። «እማማ ትሰማለች።»

ገርበብ አደረገው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ መቼ አየሽው?»

«እንደ ወትሮው፣ በሦስት ሰዓት።» ወደ ስልኩ ሳታይ ተናገረች። «ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። አንድ ፊደል እንኳ አላስቸገረኝም።»

ልጅቷ ጡቱን ትታ አለቀሰች፤ ዘቢደር ወደ ሌላው አዛወረቻት። ያም እንደዚያው ነበር።

«እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «አንተ እስክትመጣ አስቀምጠው ነበር። ማታ አንብበህልኝ ትስቅ ነበር፣ ያው ነው፣ በሕክምና ላይ ነው ትለኝ ነበር። አምንህ ነበር።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ማን እንዲህ አሳምሮ ይጽፍልኛል?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈለገ፤ ቢያገኝ ይቀለው ነበር። ቁጣ አልነበረም። ደክሟት ነበር፤ ገና ጠዋት ነው፣ ደክሟት ነበር።

«ለእማማ ምን አልሻቸው?»

«በሕክምና ላይ ናቸው አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ሁልጊዜው። ምን ልበላት? አንድ ልጇ እኮ ነው። ባዶ ሆዷን ከእሳት አጠገብ ቆማ፣ ከእኔ ከአራሷ አፍ ትስማው?» ልጅቷን አጥብቃ ያዘች። «ሂድና ለአያ ሀብተ ሚካኤል ንገር። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎቹን ይዘው ይምጡ። እኔ ዛሬ አበላታለሁ፣ ማታም ቀደም ብላ እንድትተኛ አደርጋለሁ። እስከ ጠዋት እችለዋለሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ተረዳሁ።»

ዘመነ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። ሰማንያ ቀን ሊያቆያት የማለላት እህቱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሐዘኗን እንደ ልብስ አጣጥፋ ሰው ለመጠበቅ ተቀምጣለች። ማልቀስ እንኳ የሱ ተራ አይደለም፤ እሷ ካላለቀሰች በምን አፉ ያለቅሳል።

በሩ ተገፋ። እማማ ደብሪቱ ትኩስ አጥሚት በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ፣ ለዘቢደር አቀበሉና ግንባሯን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ።

«ይቺ ልጅ ዛሬ ጥሩ አይደለችም» አሉ። «ወተቷም ቀነሰብኝ። ጠዋት ስታነብልኝም ድምፅዋ ዝግ አለብኝ፣ ደህና አድርጌ አልሰማኋትም።» ወደ ዘመነ ዞሩ። «አንተ የተማርከው አለህ አይደል? እስቲ አንተ አንብብልኝ።»

ዘቢደር ስልኩን ከአንሶላው ላይ አነሳችና ከፍታ አቀበለችው። ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም። ዘመነ ተቀበለ። በሰባተኛ ክፍል ያቃተው ንባብ ዛሬ አላቃተውም፤ ፊደሉ ሁሉ ጎላ ብሎ ተጽፏል፣ እያንዳንዷን በእጁ የጻፈ እሱ ነው። እማማ ደብሪቱ በቅርብ ልስማ ብለው ጎንበስ አሉ።

«ላቀው ጥጋቡ» አለ ዘመነ። «በሕክምና ላይ ናቸው።»

«ናቸው ይላል?»

«አዎ እማማ። ናቸው ይላል።»

«እሰይ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ልጄን አንቱ ይሉታል።» ቀና ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ተቀመጥ፣ ላንተም አጥሚት ላምጣ» ብለው ወጡ።